የቱር ደ ፍራንስን የዳገት ቀን ከሰው ጋር ለማየት፦ ከሱሉልታ የተላከ መመሪያ

መጀመሪያ ሰው የጠራሁ ጊዜ ሰባት ሰው መጣልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሆን አራቱ ተኝተዋል። ጥፋቱ የነሱ አልነበረም። ቱር ደ ፍራንስ፣ የፈረንሳዩን ትልቁን የብስክሌት ውድድር፣ እናያለን ብዬ የጠራኋቸው ሜዳ ለሜዳ በሚነዳበት ቀን ነው። ሰዎቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሱፍ አበባ እርሻና የድሮ ግንብ ከሄሊኮፕተር ላይ ሲያዩ ቆዩ፣ ውጪ ዝናብ ነው፣ ውስጥ ጋቢ አለ፣ ምን ያድርጉ? ያልተኛው አንዱ «ይሄ ሁሉ ሰው አብሮ ከሄደ ውድድሩ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ።

አሁን ስድስተኛ ዓመታችን ነው። ያለነው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። የዳገት ቀን ሲሆን ቤቱ ይሞላል፣ ይጮሃል፣ አንዳንዴ ተኮራርፎ የሚወጣም አለ። ይሄን የምጽፈው ሰንዳፋም ሁኑ ሰበታ፣ ቡራዩም ሁኑ ቱሉ ዲምቱ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በሰፈራችሁ መጀመር ለምትፈልጉ ነው። ዋናውን ነገር ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ዳገት ላይ ፊት ሆኖ የሚታየው ሰውዬ ብዙ ጊዜ አሸናፊው አይደለም። ዓይናችሁ ወደ ኋላ ማየት መልመድ አለበት። የጠራችሁት ሰው ይሄ ካልገባው ቆሎ በልቶ ነው የሚሄደው።

ዓመቶቹን በፈረንጆች ጽፌያቸዋለሁ። ሰዓቱ ግን በኛ ነው።

1. ቀኑን ምረጡ፣ ዝም ብላችሁ አትጥሩ

ቱር ደ ፍራንስ በ23 ቀን ውስጥ የሚካሄዱ 21 ዙሮች አሉት፣ ሁለቱ ቀን እረፍት ነው። እያንዳንዱ ዙር የራሱ አሸናፊ አለው። ከዚያ ደግሞ የሁሉም ቀን ሰዓት ይደመራል፣ ድምሩ ትንሽ የሆነለት ሰው ቢጫውን ማሊያ ይለብሳል። ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ይሄን ንገሩት፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው በየቀኑ የሚያሸንፈውና ቢጫ የለበሰው ለምን እንደሚለያዩ ሳይገባው ነው ሦስት ሳምንት የሚያልፈው።

መስመሩ የሚታወቀው ውድድሩ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ነው። የየቀኑ የከፍታ ሥዕልም ከውድድሩ በፊት ይወጣል፣ መጋዝ የሚመስለው ሥዕል ማለቴ ነው። ሥዕሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ መድረሻው ራሱ ተራራ አናት ላይ ይሁን። ተራራ ወጥተው፣ ወርደው፣ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ሜዳ ነድተው የሚጨርሱበት ቀን ለጀማሪ አይሆንም፣ የተለያየው ሰው ሜዳው ላይ ተመልሶ ይገናኛልና። ሁለተኛ፣ ከመጨረሻው በፊት ቢያንስ አንድ ሌላ ትልቅ ዳገት ይኑር፣ እግር የሚያደክም።

ዳገቶቹ ምድብ አላቸው። 4ኛ ምድብ ቀላሉ ነው፣ 1ኛ ከባዱ። ከ1ኛ በላይ ደግሞ «ከምድብ ውጭ» የሚባል አለ። ከምድብ ውጭ የሆነን ዳገት መጀመሪያ የጨረሰ 20 ነጥብ ያገኛል፣ 1ኛ ምድብ 10፣ 2ኛ 5፣ 3ኛ 2፣ 4ኛ 1። ይሄ ነጥብ ነው ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን ነጭ ማሊያ የሚያስለብሰው። ነጥቡን እንጂ ሰዓቱን አይደለም የሚቆጥሩት፣ ስለዚህ ያንን ማሊያ የለበሰው ሰው የግድ ምርጡ ዳገት ወጪ አይደለም። በ2015 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የለበሰው ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ነበር። ነጥቡንም የሰበሰበው አልፕስ ላይ ሳይሆን ገና በመጀመሪያው ሳምንት በትናንሽ ዳገቶች ነው።

እዚህ ላይ የኛ ሰፈር ሰው ሁልጊዜ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። አልፕ ዱዌዝ የሚባለው ዝነኛ ዳገት አናቱ 1,850 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በላይ ናት! ጋሊቢየር የሚባለው ሌላው ዳገት 2,642 ሜትር ነው፣ ሱሉልታ የሚያድር ሰው ከጋሊቢየር ጋር በተቀራራቢ ከፍታ ነው የሚያድረው። «ታዲያ ምኑን ተራራ ነው?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው፦ ቁም ነገሩ የት ደረስክ ሳይሆን ከየት ተነሳህ ነው። አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ 21 መጠምዘዣ አለው፣ በአማካይ 8.1 ፐርሰንት ይወጣል። ፐርሰንቱ ማለት መቶ ሜትር በሄድክ ቁጥር 8 ሜትር ወደ ላይ ትወጣለህ ማለት ነው። ሲሰላ ከታች እስከ ላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነስተህ እንጦጦ ጫፍ ብትወጣ እንኳን ይሄን ያህል አትወጣም። እሱንም የሚወጡት ብዙ ጊዜ ሌሎች ተራሮች ወጥተው ከመጡ በኋላ ነው። ይሄን ስትነግሩት ሰውዬው ዝም ይላል።

2. ቦታና መብራት

ፈረንሳይ በዚያ ወቅት ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የዳገት ቀን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይነሳና 12 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ሰው የምትጠሩት ለ9 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሰው ወይ እውነተኛ አፍቃሪ ነው፣ ወይ ሚስቱ ዕቃ አምጣ ብላዋለች።

ቤታችሁ ቻናሉ ከሌለ ዲኤስቲቪ ቤት ሂዱ። ሐምሌ ላይ የእንግሊዝ ኳስ የለም፣ ይሄ ትልቁ ዕድላችሁ ነው። ባለቤቱ ባዶ ወንበር እያየ የአምናን ጨዋታ ሲደግም ነው የሚውለው። የኛው ሰውዬ መጀመሪያ ስጠይቀው «ለሳይክል ነው እንዴ በየወሩ የምከፍለው?» ብሎ ሳቀብኝ። ስምንት ሰው አመጣለሁ፣ እያንዳንዱ መግቢያውን ይከፍላል፣ ሻይም ይጠጣል አልኩት። አሁን ሰኔ ሲጋመስ የሚደውለው እሱ ነው። የዓለም ዋንጫ ያለበት ዓመት ከሆነ ግን ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። ማን እንደሚያስተላልፍም ቢያንስ ከሳምንት በፊት አረጋግጡ፣ የማስተላለፍ መብት ከዓመት ዓመት ይቀያየራል።

መብራት ይሄዳል። ይሄዳል ወይ አትበሉ፣ መቼ ይሄዳል በሉ። በሁለተኛው ዓመት አምስት ኪሎ ሜትር ሲቀር ሄደብንና አሥራ አንድ ሰው በአንድ ስልክ ላይ ተደፋን፣ እሱም ባትሪው 14 ፐርሰንት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሙሉ ፓወር ባንክና ዳታ የተሞላበት አንድ ስልክ ሳላዘጋጅ ሰው አልጠራም። ኔትወርክ ቪዲዮ ካልሳበ ችግር የለውም፣ የውድድሩ የራሱ ገጽ ርቀቱንና ልዩነቱን በጽሑፍ በየደቂቃው ያወጣል። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። እንደ ድሮ ሬዲዮ ማለት ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከምስሉ ይጥማል።

ምግቡ ላይ አትጨነቁ። ቆሎ፣ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ፣ ዳቦ፣ ቡና። ረቡዕና ዓርብ ቢውል፣ የሰኔ ጾም ባይፈታ እንኳን ማንንም አያስቸግርም። ከሰሉን ወደ በሩ አስጠጉት እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታጭሱ።

3. ሥዕሉን በካርቶን ላይ ሣሉ

ይሄ ደረጃ የልጅ ሥራ ይመስላል ግን አትዝለሉት። አንድ ካርቶን ገነጣጥላችሁ የዕለቱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሣሉ፣ ዳገቶቹን በኪሎ ሜትር ምልክት አድርጉ፣ የእያንዳንዱን ርዝመትና ፐርሰንት ጻፉ። ቴሌቪዥኑ ስር ለጥፉት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁልጊዜ የሚታየው ቁጥር ምን ያህል ኪሎ ሜትር እንደቀረ ነው። «42 ኪሎ ሜትር ቀረ» ማለት ለአዲስ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ካርቶኑ ላይ ጣት ሲያርፍ ግን «እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ዳገት ገና ነው?» ይላል።

4. አሯሯጭ ማለት ምን እንደሆነ አስረዱ

ሱሉልታ ላይ ሯጭ የማያውቅ ቤት የለም፣ ጠዋት ጠዋት በቡድን ሲሮጡ እያየን ነው የምናድገው። ስለዚህ እኔ ይሄን ለማስረዳት ብዙ አልለፋም። የናንተ ሰፈር ሯጭ ባይኖርበትም አቴንስን የማያስታውስ ትልቅ ሰው አይጠፋም።

በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ኃይሌ ጉዳት ይዞት ነበር። ቀነኒሳና ስለሺ ፊት ሆነው ወደ ኋላ እየዞሩ ሲያዩት፣ ፍጥነት ቀንሰው ሲጠብቁት ነበር። በመጨረሻ አልሆነም፣ ቀነኒሳ አንደኛ ስለሺ ሁለተኛ ሆኑ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ያንን ያየ ሰው ብስክሌት ግማሹ ገብቶታል። ቱር ደ ፍራንስ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሰባቱ የሚለፉት ለአንዱ ነው። ውሃ ያመላልሱለታል፣ ንፋስ ይከልሉለታል፣ ጎማው ቢፈነዳ የራሳቸውን ሳይክል ይሰጡታል። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ አንድ በአንድ ፊት እየወጡ ሙሉ ጉልበታቸውን ያፈሳሉ፣ ሲያልቅላቸው ወደ ጎን ይወጣሉ። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ታያላችሁ። ተሸንፈው አይደለም፣ ሥራቸውን ጨርሰው ነው። ጎረቤታችን አንድ የድሮ ሯጭ ጋሼ አሉ፣ መጀመሪያ ቀን ይሄን ሲያዩ «ይሄማ አሯሯጭ ነው!» ብለው ተነሱ፣ ከዚያ ወዲህ አሸናፊውን ትተው ስለ አሯሯጮቹ ብቻ ነው የሚያወሩት።

እግረ መንገዴን፣ አቴንስ ላይ ሦስተኛ የወጣው ዘርሰናይ ታደሰ፣ ለኤርትራ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያመጣው ልጅ፣ ወደ ሩጫ ከመግባቱ በፊት ብስክሌተኛ ነበር።

ይሄ ከገባቸው በኋላ ዳገት ለምን ሁሉን እንደሚለይ አስረዱ። ሜዳ ላይ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ትልቁ ጠላት ንፋስ ነው። ከሰው ጀርባ የተሸሸገ ብዙ ጉልበት ይቆጥባል፣ ለዚህ ነው መቶ ምናምን ሰው አብሮ የሚደርሰው። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 20 ይወርዳል፣ ንፋሱ ጉልበት ያጣል፣ ጠላት የራስህ ክብደት ይሆናል። ከሰው ጀርባ መደበቅ ብዙም አያድንም። ምርጦቹ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደታቸው 6 ዋት አካባቢ ያወጣሉ፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 360 ዋት ማለት ነው። እናቴ ይሄን ሰምታ «ምጣድ ያስነሳል?» አለች። አያስነሳም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አሥር እንደዚህ ያለ ሰው ይፈልጋል።

5. የመጀመሪያዎቹን ሰዓቶች በወሬ ሙሉ

ጥቂት ሰዎች ከመንጋው ተለይተው ያመልጣሉ። (ዋናውን ብዛት እኛ ቤት «መንጋው» ነው የምንለው፣ «ቡድን» ካልነው ከክለቡ ጋር ይምታታል።) መንጋው ይለቃቸዋል፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ በጠቅላላ ሰዓት ሩቅ ናቸው፣ ቢጫውን አያሰጉም። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ይሆናል። አዲሱ ሰው «እነዚህ አሸነፉ በቃ» ይላል። ዝም በሉት፣ ይቆይ።

ይሄ ሰዓት የወሬ ሰዓት ነው፣ ወሬ ይዛችሁ ኑ። እኛ ቤት የማይሰለቸው የ1913ቱ ነው። ኤዥን ክሪስቶፍ የሚባል ፈረንሳዊ ቱርማሌ ተራራ ላይ የሳይክሉ የፊት ሹካ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ማንም ሊረዳው አይፈቀድም። ሳይክሉን ተሸክሞ ከተራራው በእግሩ ወረደ፣ ከታች መንደር አንጥረኛ ቤት ገባ፣ ዳኞች ቆመው እያዩት ብረቱን በራሱ እጅ ቀጥቅጦ ጠገነ። ከዚያ በኋላ ቅጣት ተጣለበት። ለምን? ወናፉን አንድ ልጅ ነፍቶለታል ተብሎ! ይሄን ስናገር አንድ ጎሚስታ ጓደኛችን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይናደዳል።

የኛንም ሰው አትርሱ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። የሱን ስም ያልሰማ ሰው በየዓመቱ አንድ ሁለት ይገኛል፣ ያፍራልም።

6. ሂሳቡን ያዙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። የመጨረሻው ዳገት ስር ሲደርሱ ያመለጠው ሰው ከመንጋው ያለውን ልዩነት በሰከንድ አድርጉት፣ ለቀረው ኪሎ ሜትር አካፍሉት። አራት ደቂቃ ልዩነት ይዞ 12 ኪሎ ሜትር ቢቀረው፣ 240 ለ12፣ ከኋላ ያሉት በየኪሎ ሜትሩ 20 ሰከንድ መብላት አለባቸው። ይሄ ብዙ ነው፣ ሊያመልጥ ይችላል። አንድ ደቂቃ ተኩል ይዞ ያው 12 ኪሎ ሜትር ቢቀረው 7 ሰከንድ ተኩል ነው። አለቀለት፣ እሱም ያውቀዋል። እኔ ከማየት ብዛት ያወጣሁት ሕግ ከ10 በታች ከሆነ ይያዛል፣ ከ20 በላይ ከሆነ ያመልጣል፣ በመሃል ያለው ደግሞ ቡና የሚያስይዘው ነው። ሕጉ የሚሠራው ከኋላ ያሉት ለማሳደድ ሲፈልጉ ነው። እርስ በርስ እየተያዩ ቀስ ካሉ ሂሳቡ ይበላሻል።

በ2024 ኢሶላ 2000 ወደሚባለው የተራራ መድረሻ ሲወጡ አሜሪካዊው ማቴዮ ጆርገንሰን ብቻውን ፊት ነበር። ቤታችን ውስጥ ግማሹ ሰው ለሱ ቆሞ ያጨበጭባል። ካርቶኑ ጋ የቆመው ልጅ ግን እያካፈለ ፊቱ እየጠቆረ ነው። ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር ከኋላ ተፈትልኮ መጣ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ደረሰበት፣ ሰላምም ሳይለው አለፈው። በ2025 ሞን ቫንቱ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፣ ፖጋቻርና ተፎካካሪው ዴንማርካዊው ቪንገጎር ከኋላ እየተያያዙ ሲወጡ ካመለጡት አንዱ፣ ፈረንሳዊው ቫለንቲን ፓሬ ፔንትር፣ አሸነፈ። ሁለቱንም ቀን ያሸነፈው ካርቶኑ ነው።

ሂሳቡን የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። የሰፈር ሱቅ ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ ካልኩሌተር አይፈልግም።

7. የመጨረሻው ዳገት ላይ ምን እንደምታዩ

አሁን ፊት ያለውን እርሱት። ካሜራው ወደ ቢጫው ማሊያ ሲመለስ ይሄን ቁጠሩ፦ ስንት አሯሯጭ ቀርቶታል? ተፎካካሪውስ? 10 ኪሎ ሜትር ሲቀር ሦስት ሰው ያለው እና ብቻውን የቀረው እኩል አይደሉም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሄዱም።

ቀጥሎ አካሉን እዩ። ትከሻው መወዛወዝ ከጀመረ፣ ከፊቱ ያለው ጎማ ላይ ዓይኑ ከተተከለ፣ በእሱና በፊቱ ባለው መሃል አንዴ ግማሽ ሜትር አንዴ አንድ ሜትር ክፍተት እየተከፈተ እየተዘጋ ከሆነ፣ ሊሰበር ነው። አፉን ከፍቶ መተንፈሱ ምንም አይደለም፣ ሁሉም ይከፍታል። ማሊያውን እስከ ሆዱ ዚፑን መክፈቱም ሙቀት ነው። ሰውዬው ሲሰበር የሚመጣው በአንዴ ነው። ከሲኖትራክ ኋላ ዳገት የወጣ ሹፌር ያውቀዋል፣ ሞተር ሲነክስ ማለት ነው።

የዚህ ምርጥ ትምህርት በፈረንጆች ጁላይ 13 ቀን 2022 የተነዳው ነው፣ ብታገኙት ድጋሚውን ለሰዎቻችሁ አሳዩ። ፖጋቻር ቢጫ ለብሶ ነበር። የቪንገጎር ቡድን ጋሊቢየር ላይ ተራ ገባበት። የቪንገጎር የቡድን ጓደኛ ሮግሊች ይፈተለካል፣ ፖጋቻር ይከተለዋል። እሱ ሲያዝ ቪንገጎር ይፈተለካል፣ ፖጋቻር አሁንም ይከተላል። እንደገና ሮግሊች። የሚገርመው ፖጋቻር ለሁሉም መልስ ሰጠ፣ እንዲያውም ሲስቅ ነበር፣ እኛም «ይሄ ልጅ ብረት ነው» አልን። ጋሼ ብቻ ናቸው «ብዙ መለሰ» ያሉት። ከዚያ የመጨረሻው ዳገት መጣ፣ ግራኖን፣ 11.3 ኪሎ ሜትር፣ በአማካይ 9.2 ፐርሰንት። ቪንገጎር አንዴ ተነሳ፣ ፖጋቻር ዝም አለ። መድረሻው ላይ ልዩነቱ 2 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሆነ። ያንን ቀን ያሸነፈው ጥቃት ግራኖን ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ ጋሊቢየር ላይ ነበር። ይሄን ለአዲስ ሰው ማሳየት ከቻላችሁ ከዚያ በኋላ እናንተ ባትጠሩትም ይመጣል።

አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀር ቀዩ ባነር ይታያል። ሜዳ ላይ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች የወደቀ ሰው ሰዓቱ ይጠበቅለታል፣ ተራራ አናት ላይ በሚያልቅ ቀን ግን ያ ሕግ የለም፣ ወደቅህ ወደቅህ ነው። አንደኛ ለሚገባው 10፣ ለሁለተኛው 6፣ ለሦስተኛው 4 ሰከንድ ይቀነስለታል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲደርስ የሚጋጩት ለእሷ ነው።

8. ክርክሩን አስተዳድሩ

ግምት የሚነገረው የመጨረሻው ዳገት ከመጀመሩ በፊት ነው፣ በወረቀት ተጽፎ፣ ስም ተጽፎበት። ካለቀ በኋላ «እኔማ አውቄ ነበር» የሚል ሰው የሁሉንም ቡና ይከፍላል። ይሄ ሕግ የብዙ ሰው ወዳጅነት አድኗል።

ሁልጊዜ የሚነሳው ክርክር «ልጁ ነው ቡድኑ ነው ያሸነፈው?» የሚለው ነው። ወደ ኳስ እንዳይወስዱባችሁ ተጠንቀቁ፣ ወደ ኳስ ከሄደ አርሴናል ይመጣል፣ አርሴናል ከመጣ አለቀ። እኔ በበኩሌ ቡድን የሌለው ልጅ ቢያሸንፍ ደስ ይለኛል፣ ግን የግራኖኑን ቀን እያየሁ «ብቻውን ነው የቻለው» ማለት አልችልም። ጋሼ ደግሞ አሯሯጩ ሜዳሊያ ይሰጠው ባይ ናቸው። አልተስማማንም፣ አንስማማም።

ስለ አበረታች መድኃኒት ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያሸነፋቸው ሰባቱም በ2012 ስለተሰረዙ የሚጠራጠርን ሰው ሞኝ ነህ ማለት አይቻልም። ግን ደግሞ ፈጣን የሆነውን ሁሉ ሌባ ማለት ምንም አይጠይቅም፣ ወሬውንም ይገድለዋል። እኛ ቤት አሥር ደቂቃ ነው የተፈቀደው፣ ያልተረጋገጠበትን ሰው ስም መጥራትም ክልክል ነው።

9. አሸናፊው ሲገባ አትነሱ

ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። አሸናፊው ከገባ በኋላ ገና ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆዩ ሰዎች ከታች እየወጡ ነው። ጡንቻቸው የከበደ፣ ለሜዳ ፍጥነት የተፈጠሩ ልጆች፣ ተሰባስበው ይሄዳሉ። ግሩፔቶ ይባላሉ። የሰዓት ገደብ አለባቸው፣ ከአሸናፊው ሰዓት ላይ በፐርሰንት የሚሰላ፣ ካለፈባቸው ከውድድሩ ይሰናበታሉ። ስለዚህ አሸናፊው በፈጠነ ቁጥር እነሱ ይቸገራሉ።

በ2024 የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ፣ በየመድረሻው በሚሰበሰብ ነጥብ የሚገኘውን፣ ለብሶ ነበር፣ 3ኛውን፣ 8ኛውን እና 12ኛውን። በ16ኛው ዙር ኒም ከተማ ሊደርሱ ሲሉ ወደቀ። ነጥቡ በቂ ነበር፣ ግን ከፊቱ አልፕስ አለ። ኢሶላ 2000ን ልብ በሉ፣ ያው ፖጋቻር ጆርገንሰንን ያለፈበት ቀን ነው፣ መንገዱ ላ ቦኔትን ይሻገራል፣ 2,802 ሜትር። እኛ ቤት ያን ቀን ፖጋቻር ሲገባ ማንም አልተነሳም። ካርቶኑ ተገልብጦ በጀርባው የሰዓት ገደቡ ተሰላ፣ ባለ ሱቁ ልጅ በየአምስት ደቂቃው ስንት እንደቀረ ይጮሃል፣ ካሜራው ደግሞ ግሩፔቶውን አያሳይም፣ አሸናፊው ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ነው የሚያሳየው። በስልክ ነው የጠበቅነው። ገባ። በነጋታውም ገባ፣ አረንጓዴውንም ውድድሩ እስካለቀበት እስከ ኒስ አደረሰው፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ።

ስለዚህ ዲኤስቲቪ ቤት ከሆናችሁ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ እንደምትቆዩ ለባለቤቱ ቀድማችሁ ንገሩት። የኛው ሰውዬ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሪሞት ያነሳል፣ ተከታታይ ድራማ የሚያዩ ደንበኞች አሉት። የግማሽ ሰዓቷን ሻይ አስቀድማችሁ ክፈሉ።